የጥር ሳቅ

ማንአልሞሽ ባሏን መልሳ ለመቀበል አንድ ምክንያት ብቻ ነበራት፤ እሱም ቴሌቪዥን ነው። ነገሩ ያስቃል፤ እሷም ብቻዋን ስታስበው ትስቅ ነበር። ልዑልቃል ቤቱን ጥሎ ዴ ሞይን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ አንዲት መተንፈሻ የሌላት አፓርትመንት ከተከራየ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ልመለስ ብሎ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌው ጋሽ በዛብህ ናቸው፤ የሲያትል አበሻ ሲጋባም፣ ሲጣላም፣ ሲሞትም ከፊት የማይጠፉ ሰው። ተመላልሰው ተመላልሰው በመጨረሻ፣ "እንግዲህ የእናትሽ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ሁላችንም መምጣታችን አይቀርም። ሰው ከተበተነ በኋላ መልስሽን ትነግሪኛለሽ" ብለዋት ሄዱ።

መልሷ እሺ ሊሆን ነበር። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ከቆረጠች ሰንብታለች። ትዳሯን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጠው፣ አብዛኛው እንደ ማንም ሰው ትዳር ነው፤ ሺፍት፣ የቤት ኪራይ፣ ጭቅጭቅ፣ ከጭቅጭቁ የባሰ ዝምታ። እሷ ጠዋት ጠዋት በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት፣ እሱ ሌሊት ሌሊት በታክሲ፤ አልጋቸው እንኳ በፈረቃ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ሁሉ መሀል ግን አንድ የብርድ ወራት አለ። ያንን ሰሞን የሰጣት ሰው፣ በኋላ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ ውስጡ ክፉ ሊሆን አይችልም ብላ አምናለች።

ሁለት ሺህ አራት ነው፤ በፈረንጆቹ። ያኔ የሚኖሩት ሬኒየር ቢች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ማንአልሞሽ ሁለተኛ ልጇን ሳሮንን አርግዛ፣ ሐኪሙ ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ሥራ አቁመሽ ጋደም በይ ብሏታል። ውጭው ዝናብ፣ ሰማዩ ድስት የተከደነበት የሚመስል ጨለማ። ኬብል የላቸውም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በተሰካችው አንቴና የሚገባ አንድ ጣቢያ ግን በየማታው የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ኮሜዲ ያሳይ ነበር፤ አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ፣ ምላሷ የማያርፍ ሚስቱ፣ ዱቄት የሚሰርቃቸው ጎረቤት። ቀልዱ የልጅ ቀልድ ነው። ሰውዬው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይወድቃል።

አንድ ቀን ልዑልቃል በድንገት፣ "ከእንግዲህ ሌሊት አልነዳም፤ የቀኑ ይበቃኛል" አለ። ማንአልሞሽ ጆሮዋን አላመነችም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማታ ማታ እግሯን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ትርኢቱን ይተረጉምላት ጀመር። ያኔ እንግሊዝኛዋ ከ"ኦኬ" እና ከ"ሶሪ" ብዙም አያልፍም። መተርጎም ማለቱ ለአፍ ያህል ነው እንጂ ሰውየው ከራሱ እያወጣ ነበር የሚያወራው። ጋጋሪውን ባሻ፣ ሚስቱን እትዬ በርበሬ አላቸው። ባሻ ስለ ምድጃው ሲያወራ፣ በልዑልቃል አማርኛ ስለ ዕድር ዳኛው ሌብነት ያወራል። ያኔ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ትልቋ ልጃቸው ኖላዊት፣ "ዳዲ፣ ሂ ዲድንት ሴይ ዛት!" እያለች ትንጫጫለች። ማንአልሞሽ ሆዷን ደግፋ እስኪያማት ትስቃለች።

ደግሞ ብቻቸውን አልነበሩም። ምሽት አይልም፣ ዝናብ አይልም፣ ሰው ይመጣል። ከታችኛው ፎቅ ጓደኛዋ ወይንሸት፣ ከማዶ ጋሽ በዛብህ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋቸው ባልና ሚስት። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ ነው። ትርኢቱ ሊጀምር ሲል ልዑልቃል ይነሣና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ይነቅላል። "ይኼ የኛ ሰዓት ነው፤ ማንም አይረብሸንም" ይላል። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል? እናቷ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ደግሞ ስልክ የለም ስለተባለች ድምፅዋን ባለመስማቷ ትንሽ ከፍቷት ነበር፤ ማታ ሲመጣ ግን ይረሳታል። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ቤተሰብ አለኝ ያለችው በዚያ ሰሞን ነው።

ሳሮን በሚያዝያ ተወለደች። በሐምሌ ክርስትና ተነሣች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ስትከፍት ጋሽ በዛብህ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ ቆመዋል። የዚያ ሰዓት እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አበሻ የለም። "ልጄ፣ እናትሽ ባለፈው ሳምንት አረፉ" አሏት። ጮኸች፣ ተንከባለለች፣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር፣ በሐምሌ፣ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ሰው ጠርታ ታበላለች። አንድ ዓመት ጎድሏት አያውቅም።

ዘንድሮ አሥር ዓመት ሞላው። ቤቱም ስካይዌይ ሆኗል፤ ኖላዊት ኮሌጅ ገብታለች፤ ሳሮን አሥር ዓመቷ ነው። ለሙት ዓመቱ ደግሞ ትልቅ እንግዳ አለ። ታናሽ ወንድሟ ዓምደ ሚካኤል ቪዛ ተሳክቶለት ከአዲስ አበባ ከመጣ ሳምንቱ ነው። ማንአልሞሽ ከሁሉም የደበቀችው አንድ ነገር ነበራት። ሬንተን ያለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ልብስ ስታገላብጥ፣ ባሻና እትዬ በርበሬ ከዲቪዲ ሽፋን ላይ ፊታቸውን በዱቄት ለውሰው አገኘቻቸው። እዚያው ቆማ በደስታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰው ሲበተን እነዚያኑ የድሮዎቹን ሰዎች አስቀርታ፣ አንድ ላይ አስቃቸው፣ በሳቁ መሀል መልሷን ልትሰጥ አሰበች። ይቺን የመሰለ እሺታ ማን ብሎ ያውቃል?

ከሰዓት በኋላ ንፍሮው ተዘግኖ፣ ምግቡ ተበልቶ፣ ካህናቱም ሌላውም ሰው መርቆ ሄደ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ጋሽ በዛብህ፣ ወይንሸት፣ ዓምደ ሚካኤልና ሁለቱ ልጆች ናቸው። ልዑልቃልም አለ፤ እንደ ሩቅ ዘመድ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ።

"ማንም እንዳይነሣ" አለች ማንአልሞሽ። "ጋሽ በዛብህ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ሰርፕራይዝ አለኝ።"

መጋረጃውን ሳበችና ዲቪዲውን ከተተች። ሙዚቃው ጀመረ። ባሻ ከነሆዱ ብቅ ሲል ወይንሸት፣ "ውይ በሞትኩት!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ማንአልሞሽ ደስታ መስሏት ጀርባዋን መታ አደረገቻት። ልዑልቃል ምንጣፉን ያያል።

"ና እንጂ፣ ተርጉምልኝ" አለችው።

"አሁንማ እንግሊዝኛውን ከእኔ በላይ ትችይዋለሽ።"

"ይሁን። የድሮውን በል።"

ትንሽ አመነታና ጀመረ። ባሻ ስለ ዕድሩ ዳኛ አማረረ፤ እትዬ በርበሬ መለሰችለት። ድምፁ ግን ወፍሮ ነበር፤ ቀልዱን ከሩቅ ቦታ እየጎተተ የሚያመጣው ይመስላል። ሳሮን ይኼን ሰምታ አታውቅምና በሳቅ ምንጣፉ ላይ ተዘረረች።

ዓምደ ሚካኤልም ፈገግ ብሎ፣ "ሁልጊዜ በስልክ የምታወሪኝ ይኼን ነው? መቼ ነበር ይኼ?" አላት።

"ሳሮን ሆዴ ውስጥ እያለች። ከጥር እስክወልድ ድረስ፣ ማታ ማታ፣ እዚህ የምታያቸው ሁሉ ይመጡ ነበር።"

"ከጥር..." አለ ዓምደ ሚካኤል፤ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። "እንግዲህ እኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስናለቅስ፣ አንቺ እዚህ እየሳቅሽ ነበር ማለት ነው። እንኳንም ያኔ አልነገሩሽ፤ እንኳንም እንዲህ ያዙሽ። እማዬም ይኼንኑ ነበር የምትወደው።"

"የምን ድንኳን?"

"የእማዬ ነዋ።"

"እማዬ የሞተችው በሐምሌ ነው" አለች ማንአልሞሽ። ልክ ልጅ እንደምታርም አድርጋ ነው ያለችው።

ወንድሟ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን አማቹን አየ። "ልዑልቃል፣ አልነገርካትም እንዴ?"

የሲያትል አበሻ ምስጢር አይዝም ይባላል። ማን መኪና ገዛ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች፣ የማን ጉዳይ ኢሚግሬሽን ላይ ተበላሸ የሚለው ወሬ፣ ሰው ከቅዳሴ ሳይወጣ ሬንተን ይደርሳል። መርዶ ሲሆን ግን ይኸው ሕዝብ አፉን ይሰፋል። አንድ ሰው "አትንገሯት" ካለ ከተማው በሙሉ ይደበቃል፤ ልጁም፣ ሽማግሌውም፣ ጠላቷም ጭምር። ደግሞ በክፋት አይደለም፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ አንዱ ያፈነዳው ነበር። በደግነት የተሸረበ ውሸት ነው እንዲህ የሚከርመው።

"በጥር ነው፣ የጥምቀት ማግሥት" አለ ዓምደ ሚካኤል፤ ላቡን ጠረገ። "ጸበል ገብታለች በላት ስላሉኝ አልኩ፤ ነፍሰ ጡር ነሽ፣ እሺ ብዬ ነው። ከወለድሽ በኋላ ግን ሁሉን እንደነገሩሽ ነበር የማውቀው። እኛ በየዓመቱ በጥር ነው የምናስታውሳት። አንቺ በሐምሌ የምታደርጊው እዚህ ፀሐይ የሚወጣው ያኔ ስለሆነ፣ ሰውም ስለሚመቸው መስሎኝ..."

ቴሌቪዥኑን ያጠፋው ሰው የለም። ከውስጡ የሚሰማው የፈረንጆች ሳቅ እየመጣ ይሄዳል።

ጋሽ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማንአልሞሽ ልጄ፣ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ያውም ከነግፊትሽ። ከዚያ ደግሞ ወለድሽ፤ የምታጠባ ሴት ደንግጣ ወተቷ ቢነጥፍስ? ክርስትናው ይለፍ ብለን ነው። ሲያልፍ ነገርንሽ።"

"ነገሩኝ እኮ፤ 'ባለፈው ሳምንት' ብለው።"

"ስድስት ወር ሆናቸው ብንልሽ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል ብለን ፈራን። ቀኑን ባልሽ ቀስ ብሎ ይነግርሻል አልን። እኔ ነግሯታል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ንፍሮሽን የምበላው።" ሽማግሌው በሕይወታቸው አፍረው እንደማያውቁ ያስታውቅባቸው ነበር፤ እንዴት እንደሚታፈር አልቻሉበትም።

"እኔም ጋሽ በዛብህ የነገሯት መስሎኝ ነው" አለች ወይንሸት። እያለቀሰች ነው። "በየተራ ነበር የምንመጣው፣ ማንዬ። አንቺ ባታውቂም እኛ ለቅሶሽን ነበር የተቀመጥነው። ሳንቀመጥልሽ እንዳንቀር ብለን።"

ማንአልሞሽ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በፎጣ የተጠቀለለው ድስት ሁሉ የለቅሶ ቤት ድስት ነበር። የተነቀለው ስልክ ከአገር ቤት የሚያለቅስ ሰው እንዳይደውል ነው። ሌሊት መንዳት የቀረው፣ እግሯ ጭን ላይ የዋለው፣ እትዬ በርበሬ የተፈለሰፈችው፣ ሁሉም ጥበቃ ነበር። የሚወዷት መስሏት ነበር፤ ለካ እያዘኑላት ነው። ከትዳሯ ውስጥ መርጣ ያስቀመጠቻት አንዲቷ ሰሞን የገዛ እናቷ ለቅሶ ሆና አረፈችው፤ እሱንም ሳታለቅስ፣ እየሳቀች።

ኖላዊትን አየቻት። "አንቺስ?"

ኖላዊት ስልኳን ገለበጠችው። "አይ ዋዝ ኤይት፣ ማሚ" አለች ብቻ።

ማንአልሞሽ ወደ ባሏ ዞረች። "የተቀበረች ዕለት ማታ ምን ነበር ያየነው?"

"ተይው ማንአልሞሽ።"

"ንገረኝ።"

ልዑልቃል ቢረሳው ምን ነበረበት? አልረሳውም። "ባሻ የሠርጉ ኬክ ላይ የተቀመጠበትን" አለ።

አወቀችው። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እሱን ነው። በሳቅ ከሶፋው ልትወድቅ ደርሳ ልዑልቃል ነበር በትከሻዋ የያዛት። ወይንሸት ደግሞ በሳቅ ብዛት አለቀሰች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆመች እያለች፣ ማንአልሞሽ ይኼንን ታሪክ ለሰው ሁሉ ስታወራ ኖራለች። ዛሬ ጠዋት እንኳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለአንዲት ሴት አውርታዋለች።

"እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር" አለ ልዑልቃል። "በማግሥቱም ሳቅሽ። በኋላ ቀኑን ልነግርሽ ስነሣ ያንን ሳቅ የምቀማሽ መሰለኝ። ዛሬ ነገ ስል ሐምሌ ይመጣል፤ አንቺ ንፍሮ ትቀቅያለሽ፤ እኔ በላሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ቤቱ ውስጥ መቀመጥ እያቃተኝ መጣ። ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።"

"ለዚያ ነው ጥለኸን የሄድከው?"

"ለዚያ ነው።"

ይህን ቀድሞ ቢላት ኖሮ ምናልባት አንጀቷ ይራራለት ነበር። ዛሬ ግን አንጀቷ የት እንዳለ እሷም አታውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ በማይሆን ቀን አልቅሳለች። በእውነተኛው ቀን፣ በጥር፣ በየዓመቱ ሥራ ገብታ ወጥታ፣ ሰው ቀልዶባት ስቃ፣ እራቷን በልታ ተኝታለች። እናቷ ከላይ ሆና ብታያት ምን ብላ ይሆን? ልጄ ረሳችኝ ነው የምትለው።

"ጋሽ በዛብህ" አለች።

"ወዬ ልጄ።"

"መልስ ይፈልጉ አልነበር? እሺ ልልዎት ነበር። እናንተ ፊት፣ በሳቅ መሀል ልለው ነበር። ከዚህ ሰውዬ ጋር ከኖርኩት ሁሉ የወደድኩት ያንን ሰሞን ብቻ ነው። ሌላ አልነበረኝም። አሁን እሱም የለም። ስለዚህ አይሆንም።"

"ዛሬ ተቆጥተሻል፤ ሌላ ቀን እናየዋለን..."

"ሌላ ቀን ብላችሁ ነው እዚህ የደረስነው።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ልዑልቃልም ተነሣና በሩ ጋ ጫማውን ማጥለቅ ያዘ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

በዚህ መሀል ሳሮን ከምንጣፉ ላይ ተነሥታ ቁጭ ብላለች። ሰው ሁሉ ረስቷት ነበር። አማርኛዋ ኮልታፋ ነው እንጂ ስትሰማ አንድም አያመልጣትም። "ማሚ" አለች፤ "ሶ፣ ግራንድማን ያልቀበርሻት በእኔ ነው? ቢኮዝ አይ ዋዝ ኢን ዩር በሊ?"

 ልጅቷ ቅንድቧን ሰብስባ ትጠብቃለች። 

"አይደለም የኔ ቆንጆ" አለች ማንአልሞሽ። "በአንቺ አይደለም። ያኔ ወረቀት አልነበረኝም። ቢነግሩኝም ከአሜሪካ ወጥቼ መመለስ አልችልም ነበር።"

ወረቀት ነበራት። ግሪን ካርዷ ከሳሮን በፊት ነው የመጣው። ቢነግሯት ኖሮ ከነሆዷ፣ ከነግፊቷ በማግሥቱ አውሮፕላን ላይ ትወጣ ነበር፤ ይኼን እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግሪን ካርዱ የመጣ ዕለት ጋሽ በዛብህ ናቸው የመረቁላት፤ ወይንሸት ናት እልል ያለችው።

ሳሮን ወደ ወይንሸት ዞረች። "ሪሊ?"

"አዎ የኔ ማር" አለች ወይንሸት፤ አፍንጫዋን ጠርጋ። "ወረቀት አልነበራትም።"

"ያኔ ለሁላችንም አስቸጋሪ ነበር" አሉ ጋሽ በዛብህ።

ዓምደ ሚካኤል እንኳ፣ ከመጣ ገና ሳምንቱ የሆነው ሰው፣ ራሱን ነቀነቀላት። ማንም ማንንም አልጠቀሰም፤ ዓይን ለዓይን እንኳ የተያየ የለም። ሥራውን የለመደ ሰው እንደሚያደርገው እያንዳንዱ ድርሻውን አነሣ።

ሳሮን በመጨረሻ አባቷን አየች። ልዑልቃል በሩን ከፍቶ ቆሟል።

"ማሚ እውነቷን ነው" አላት።

ልክ እንደ ድሮው አሳምሮ ሲዋሽላት አይታ፣ ማንአልሞሽ እንደዚያች ደቂቃ አድርጋ ጠልታው አታውቅም። ግን ልጅቷ እያየቻቸው ስለነበር ፈገግ አለችለት።